ውል ሳንፈራረም የሰጠሁትን የቤት ማስያዣ እንዴት ላስመልስ?

ጠያቂ፦ የተከራየሁትን ቤት ለቅቄ ወጥቻለሁ። ስገባ የሁለት ወር ኪራይ ማስያዣ ሰጥቼ ነበር። አከራዩ «በእኛ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል» ስላሉ አልተፈራረምንም። ማስያዣውንም ኪራዩንም በባንክ ነው የከፈልኩት። ስወጣ ቤቱን አጽድቼ ቁልፉን በእጃቸው አስረክቤያለሁ። አሁን «ግድግዳው ቆሽሿል፣ በማስያዣው ቀለም አስቀብቼበታለሁ» ብለው ጻፉልኝ። ስደውል ደግሞ «መጀመሪያስ የምን ውል አለን?» አሉኝ። በጣም ከንክኖኛል። ውል ካልተፈረመ ገንዘቡ ቀለጠ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። ያልተፈረመ ይሁን እንጂ ውል ነበራችሁ። በብዙ አገር የቤት ኪራይ በቃልም ይጸናል። ለረጅም ጊዜ ኪራይ ጽሑፍ ግዴታ የሚሆንበት ቦታ አለ፤ ያም ቢሆን ገንዘብሽን የማስቀረት መብት አይሰጣቸውም። ውል የለንም ካሉ ታዲያ ማስያዣውን በምን መብት ያዙት?

መልስ፦ እኔ አከራይ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ያናድደኛል። ያን መልእክት እንዳታጠፊው! «በማስያዣው ቀለም አስቀብቼበታለሁ» ሲሉ እኮ ማስያዣ መቀበላቸውን በራሳቸው እጅ አመኑ። ስክሪንሾት አንሺ፣ ቀኑና ስልክ ቁጥሩ ይታይ። ከባንክም የሒሳብ መግለጫ አውጪ። በየወሩ እኩል የገባው ኪራይ ነው፤ መጀመሪያ ላይ በዛ ብሎ የገባው ደግሞ ማስያዣው መሆኑ በግልጽ ይታያል።

የቀለሙ ነገር፦ ሰው ሲኖርበት ግድግዳ ይደበዝዛል። ይሄ በአብዛኛው የአከራይ ወጪ ነው፤ እኔም ከተከራይ ቆርጬ አላውቅም። የተሰበረ በር ቢሆን ሌላ ነው። ያኔም ቢሆን የጥገናውን ደረሰኝ ያሳዩሻል፣ ያን ያህል ብቻ ይቆረጣል።

ጠያቂ፦ መልእክቱ አለ! ስወጣ የቀረጽኩት ቪዲዮም አለኝ። አሁን ልሂድና ፊት ለፊት ልንገራቸው?

መልስ፦ በቃል አይሁን፣ ጻፊላቸው። የከፈልሽበትን ቀን፣ መጠኑን፣ ቁልፍ ያስረከብሽበትን ቀን፣ ገንዘቡ የሚገባበትን የሒሳብ ቁጥር አስገቢ። «እስከዚህ ቀን ካልተመለሰ ክስ እመሠርታለሁ» በይ። ስድብ አታስገቢበት፤ ነገ ዳኛ ያነበዋል። ቅጂውን አስቀሪ፣ መድረሱንም አረጋግጪ። ዝም ካሉ፣ ያለ ጠበቃ አነስተኛ የገንዘብ ክስ የሚያይ ፍርድ ቤት ወይም የተከራዮች ቢሮ በአካባቢሽ እንዳለ ጠይቂ። ክስ የማቅረቢያ ጊዜ ገደብ ስላለው ብዙ አትቆዪ።

ጠያቂ፦ ዛሬ ማታ እጽፈዋለሁ። ከመላኬ በፊት እዚህ ለጥፌው ታዩልኛላችሁ?

መልስ፦ ለጥፊው፣ እናየዋለን። ስማቸውንና የሒሳብ ቁጥርሽን ግን አውጪ።