የሞተር ማንሻ መንጠቆና የተሰበረ ፑሌጃ፦ ይቅለጥ፣ ይቀጥቀጥ ወይስ ይገዛ?

ጠያቂ፦ ባለጋራዥ ዘልደታ

ሰላም ለሁላችሁ። ልደታ አካባቢ አነስተኛ ጋራዥ አለን። ሁለት ዕቃ አንድ ላይ ተበላሽቶብናል። አንዱ የኮምፕሬሰሩ ፑሌጃ ነው፣ ቺንጋው (ቀበቶው) የሚዞርበት ክብ ብረት ማለት ነው፤ ጠርዙ ተሸርፎ ቺንጋውን እየበላው ነው። ሌላው የሞተር ማንሻው ካቴና መንጠቆ ነው፤ አፉ ቀስ በቀስ እየተከፈተ መጥቶ አሁን በዓይን ያስታውቃል።

መርካቶ ወርጄ ብጠይቅ ሁሉም የየራሱን ነገረኝ። አንዱ «ሁለቱንም አቅልጠን እናወጣልሃለን» አለ። ምናለሽ ተራ ያለ ቀጥቃጭ ደግሞ «መንጠቆውን አምጣው፣ አግዬ እመልሰዋለሁ፤ ካልሆነም ከወፍራም ፌሮ አዲስ እሠራልሃለሁ» አለኝ። የብየዳው ሰው ምን እንዳለ መቼም ትገምታላችሁ።

ማቅለጥ፣ ፎርጂንግ የሚሉት ነገርና የቀጥቃጮች ሥራ በምንድን ነው የሚለያዩት? ሁሉም ብረት አይደለም ወይ? የትኛውን ዕቃ ወዴት ልውሰድ?

መልስ፦ ቶርኖ ቤት

ወንድሜ፣ ሌላውን ከማንበብህ በፊት መንጠቆውን ከካቴናው ፈትተህ አስቀምጥ። ዛሬ ሞተር እንዳታነሡበት።

ዋናው ነገር ብረቱ ቅርጹን ሲይዝ ፈሳሽ ነበር ወይስ ጠጣር የሚለው ነው። ማቅለጥ ላይ ብረቱ ውሃ ሆኖ በአሸዋ በተሠራ ቅርጽ ውስጥ ይፈሳል፣ እዚያው ይረጋል። ፎርጂንግ ላይ ብረቱ አይቀልጥም። ብርቱካናማ ቢጫ እስኪሆን ይግላል፣ ለተራ ስቲል ከ1100 እስከ 1250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ማለት ነው፤ ከዚያ በመዶሻ ወይም በፕሬስ እየተመታ ይቀረጻል። ቀጥቃጩም የሚሠራው ይኼንኑ ነው። ፋብሪካው የጋለውን ብረት በሁለት ጠንካራ ቅርጾች መሃል አድርጎ በከባድ መዶሻ ስለሚደቁሰው ሺህ ቢያወጣ ሺሁም አንድ ዓይነት ይሆናል። ቀጥቃጩ ግን በወናፍ፣ በመስፍና በጉጠት፣ በዓይኑ እየለካ አንድ በአንድ ያወጣል።

ፑሌጃህ ጊዛ (ካስት አይረን የሚሉት ቀልጦ የሚፈስ ብረት) መሆኑ አይቀርም። ጊዛ ከ2 እስከ 4 በመቶ ካርቦን አለው። ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው በ1538 ዲግሪ ነው፤ ጊዛ ግን 1200 ዲግሪ ገደማ ላይ ውሃ ይሆንልሃል፣ ቅርጹንም እስከ ጥጋጥጉ ይሞላል። ሞኖብሎክ (የሞተር ገላ)፣ የፓምፕ ሆድ፣ ሌባ ካላነሳው ደግሞ መንገድ ላይ የምታየው የጉድጓድ ክዳን ከእሱ የሚሠሩት ለዚህ ነው። ቀጥቃጭ ጋ ብትወስደው ግን ምንም አያደርግልህም፤ ጊዛ ሲመታ ይሰበራል እንጂ አይሳብም። ስለዚህ ፑሌጃው መጀመሪያ ወደ ማቅለጫ፣ ከዚያ ወደ ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚልጠው ማሽን) ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ነገር አለች። አሮጌውን ፑሌጃ እንዳለ አሸዋ ላይ ካተሙት አዲሱ አንሶ ይወጣል። ጊዛ ረግቶ ሲቀዘቅዝ 1 በመቶ ገደማ ይሰበሰባል፤ 200 ሚሊ ሜትር የነበረው 198 ይሆናል፣ እኔ ደግሞ ለማስተካከል ከላዩ ላይ እልጣለሁ። ፑሌጃው ሲያንስ ኮምፕሬሰሩ ከሚገባው በላይ ይፈጥናል። ስለዚህ የተሸረፈውን በስቱኮ ሙላው፣ ዙሪያውንና የቺንጋውን ቦይ 3 ሚሊ ሜትር ያህል አወፍረው፣ የመሃሉን ቀዳዳ ድፈነውና በአሸዋ ወረቀት አለስልሰህ ለአቅላጮቹ ስጣቸው። ቀዳዳው በኋላ እኔ ጋ ይበሳል።

መልስ፦ የምናለሽ ተራ ልጅ

ጋሼ ቶርኖ ቤት ልክ ነዎት፤ ግን ቀጥቃጩን ከጨዋታ አያውጡት። እኔ እዚያው ነው ያደግኩት። ባለእጅ እየተባሉ ሲናቁ የኖሩት ሰዎች ናቸው የገበሬውን ማረሻ የሠሩት፣ ዛሬም የጋራዡን መሮ የሚሠሩት።

ባለጋራዥ፣ አሮጌ ባሌስትራ (ከመኪና ሥር ያለው የተደራረበ ብረት ሞላ) ካለህ ይዘህ ሂድና መሮ ሲሠራልህ ቁጭ ብለህ እየው። ከከሰሉ ሲያወጣው ቢጫ ነው፤ በመጀመሪያው ምት ቅርፊቱ ይራገፋል። ጥቁር ቀይ ሲሆን መምታቱን አቁሞ ወደ እሳቱ ይመልሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ ቢመታው ይሰነጠቅበታል። ቅርጹን ከጨረሰ በኋላ ጫፉን ማግኔት መያዝ እስኪያቆም ድረስ ያግለዋል፣ ወደ 770 ዲግሪ ገደማ ማለት ነው፤ ትንሽ ያሳልፈውና ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። በዚያ ብቻ ከተወው እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ስለዚህ ጫፉን በሞረድ አጥርቶ ከኋላ በኩል ቀስ እያለ ያሞቀዋል። ቀለሙ ከገለባ ቢጫ ተነሥቶ ሐምራዊ ሲደርስ ያቆመዋል፤ ይኼ 280 ዲግሪ ገደማ ነው። ቴርሞሜትር የለም፣ ዓይን ብቻ።

መንጠቆውን በተመለከተ፣ ቀጥቃጩ ከፌሮ እሠራለሁ ያለህ አይሆንም። ፌሮ የተሠራው ኮንክሪት ውስጥ እንዲቀመጥ ነው። ግን ከባሌስትራ ጥሩ አድርጎ ቢቀጠቅጠው ምን ይጎድለዋል?

መልስ፦ የብረታ ብረት አስተማሪ

የምናለሽ ተራ ልጅ፣ ስለ መሮው ያልከው እኔ ክፍል ውስጥ ከማስተምረው አይለይም። መንጠቆው ላይ ግን እንለያያለን።

መጀመሪያ መንጠቆ ለምን ፎርጅድ እንደሚሆን ልናገር። ብረት ሲሳብና ሲመታ የውስጡ ጭረት እንደ እንጨት ጭረት ከቅርጹ ጋር አብሮ ይታጠፋል፤ የመንጠቆውን ቅስት ተከትሎ ይዞራል። በቀለጠው ውስጥ እንዲህ ያለ አቅጣጫ የለም፤ ሲረጋ ደግሞ የአየር ኪስና ክፍተት ሊቀርበት ይችላል፣ ከውጭ አይታይም። ተራ ጊዛ ሸክም ሲበዛበት ሳያስጠነቅቅ ይሰበራል። በደንብ የተሠራ ፎርጅድ መንጠቆ ግን ቀስ እያለ ይከፈታል። ባለጋራዥ፣ ያንተ መንጠቆ እየተከፈተ መምጣቱ እኮ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ አፉን ከፍቶ እየነገረህ ነው።

አሁን ባሌስትራው። ከመኪና የወረደ ባሌስትራ ዕድሜውን ሙሉ ሲታጠፍ የኖረ ነው፤ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። መሮ ላይ ቢሰበር አዲስ ትሠራለህ። መንጠቆ ላይ ቢሰበር ከሥሩ ሰው አለ። ማንሻ መንጠቆ ልዩ ስቲል ተመርጦ፣ ተቀጥቅጦ፣ በሙቀት ታክሞ፣ በሸክም ተፈትኖ፣ የሚሸከመው ቶን ተጽፎበት ነው የሚወጣው። ቀጥቃጩ እጁ የቱንም ያህል ቢባረክ ይኼን ፈተና የሚያደርግበት ነገር የለውም።

አግሎ መመለሱም ሆነ ብየዳው የሙቀት ሕክምናውን ያበላሸዋል፤ ከላይ ጤነኛ መስሎ ውስጡ ለስልሶ ወይም ተሰባሪ ሆኖ ይቀራል። የአሜሪካው የመንጠቆ ደረጃ አፉ ከመጀመሪያው ልክ 5 በመቶ ከተከፈተ፣ ወይም ብረቱ 10 በመቶ ከተበላ ከሥራ ይውጣ ይላል። በዓይን የሚታይ ጥምዝ ካለ ለመለካትም አታስብ።

ይኼን ስል ግን ማቅለጥ ሁሉ ደካማ ነው ብላችሁ እንዳትሄዱ። ኖዱላር የሚባለው ጊዛ ተለጣጭነት ስላለው የብዙ መኪና ክራንክሻፍት ከእሱ ነው የሚሠራው። ከስቲል ቀልጠው የሚወጡ ዕቃዎችም ብዙ ሸክም ይችላሉ። ትልቅና ውስብስብ ዕቃ ደግሞ በመቀጥቀጥ አይታሰብም። ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው የሴባስቶፖል ቅጂ ነው፤ ዋናው ጋፋት ላይ ቀልጦ የፈሰሰ ነው፣ ወደ 7 ቶን ይጠጋል። እሱን ማን ቀጥቅጦ ያወጣዋል?

ጠያቂ፦ ባለጋራዥ ዘልደታ

እግዜር ይስጥልኝ። መንጠቆውን ፈትቼዋለሁ፣ ልጆቹ እንዳይመልሱትም ቆልፌበታለሁ። አሁን ሶማሌ ተራ ሱቆች ሁለት ዓይነት አይቼ መጣሁ፤ ሁለቱም ቀይ ቀለም ተቀብተዋል፣ ዋጋቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ርካሹን «እሱም ፎርጅድ ነው» ይለኛል። እንዴት ላረጋግጥ? ደግሞ ፑሌጃውን አንዱ አቅላጭ «በጊዛ ፈንታ በአሉሚኒየም ይሁንልህ፣ ነገ ትወስዳለህ» አለኝ።

መልስ፦ የብረታ ብረት አስተማሪ

መጀመሪያ ጽሑፉን ፈልግ። በቀለም ሳይሆን በብረቱ ላይ የተጻፈ የቶን ልክና የአምራች ምልክት ይኑረው። ካቴናህ ላይ 8 ወይም 80 (የጥንካሬ ደረጃው ነው) ተጽፎ ካየህ የመንጠቆውም ደረጃ ያው ይሁን። አፉን የሚዘጋው ምላስም ይኑረው። ጽሑፍ የሌለውን ሻጩ ቢምልልህም ተወው።

መልስ፦ ቶርኖ ቤት

ከጽሑፉ ሌላ ጎኑ ላይ ያለውን መስመር እይ። የቀለጠ ዕቃ ላይ ሁለቱ የአሸዋ ቅርጾች የተገናኙበት ቀጭን መስመር ይታያል፣ ገላውም የአሸዋ ፍርክስክስ ይመስላል። ፎርጅድ ላይ ትርፉ ተቆርጦ የተሞረደበት ሰፋ ያለ ጠባሳ ነው የሚኖረው። ቀለም በዝቶበት ይኼ ካልታየህ ያው ቀለሙ ራሱ አንድ ነገር ይነግርሃል።

ጋራዥ ውስጥ ላሉህ ሌሎች ዕቃዎች ደግሞ ግራይንደርና ሞረድ ይበቃሉ። ጊዛ ሲሞረድ ጥቁር ብናኝ ይሆናል፣ እጅህን ያጠቁራል፤ ስቲል ግን ፍቅፋቂው ይጠቀለላል። ግራይንደር ላይ የጊዛ ብልጭታ አጭርና ቀላ ያለ ነው፣ የስቲል ረጅምና ደማቅ ቢጫ ሆኖ ይፈነዳል። ይኼ ግን ጊዛን ከስቲል ነው የሚለይልህ፤ የቀለጠ ስቲልን ከተቀጠቀጠ ስቲል አይለይልህም። ሱቅ ውስጥ ደግሞ አትሞክረው፣ ያባርሩሃል።

አሉሚኒየሙን በተመለከተ፣ ሰውየው የቸኮለው በ660 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ነው፤ ከሰልና ነፋሻ ይበቃዋል። ለጊዛ የሚሆን ምድጃ ያለው ሰው ግን ጥቂት ነው። ኮምፕሬሰርህ አነስተኛ ከሆነ አሉሚኒየም ይሠራልሃል፤ ሁለት ነገር ብቻ ጠብቅ። አንደኛ፣ አሉሚኒየም ሲረጋ ከጊዛ ትንሽ ይበልጥ ይሰበሰባል፣ ስለዚህ ስቱኮውን ጨመር አድርገው። ሁለተኛ፣ ሻፍቱ የሚገባበት ቀዳዳ ቶሎ ይበላል፣ የቁልፉም (ፑሌጃውን ከሻፍቱ ጋር የሚያይዘው ብረት) ቦታ ይሰፋል፤ እኔ ውስጡ የስቲል ቡሽ (ቱቦ መሰል ቀለበት) አስገባለታለሁ።

መልስ፦ የምናለሽ ተራ ልጅ

ሲፈስ ለማየት ከቆምክ ራቅ በል፣ ክፍት ጫማም አታድርግ። ቅርጹ ወይም የሚጨመረው ቁርጥራጭ እርጥብ ከሆነ ውሃው በአንዴ እንፋሎት ሆኖ የቀለጠውን ይረጨዋል። በክረምት ደግሞ ቁርጥራጩ ደጅ ነው የሚያድረው።

ጠያቂ፦ ባለጋራዥ ዘልደታ

ገባኝ፣ መንጠቆው ይገዛል። ለቡሹ ምን ልክ ላምጣ?

መልስ፦ ቶርኖ ቤት

የሻፍቱን ውፍረት በካሊፐር ለክተህ፣ የቁልፉን ስፋትና ጥልቀት ጽፈህ ና። ሻፍቱ ጫፉ ላይ የሚሾል ከሆነ ግን ልኩ አይበቃኝም፣ የኮምፕሬሰሩን ራስ ራሱን ፈትተህ አምጣው።