በአማርኛ የሚጻፍ ምናባዊ ዓለም ለመክፈት፦ የግሡና የአክብሮቱ ነገር እንዴት ይሁን?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦

ሰላም ለሁላችሁም። ላለፉት ሁለት ዓመታት ሥዕል በሌለው፣ ሁሉም ነገር በጽሑፍ በሚከናወንበት የእንግሊዝኛ የሮል ፕሌይ ዓለም ውስጥ ስጫወት ቆይቻለሁ። ለማያውቁት ለማስረዳት ያህል፣ ተጫዋቹ «ወደ ሰሜን ሂድ» ብሎ ሲጽፍ ሰርቨሩ (ጨዋታውን የሚያስኬደው ኮምፒውተር) የደረሰበትን ስፍራና በዚያ ያሉትን ሰዎች በጽሑፍ ይነግረዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ተጫዋቾቹ በየገጸ ባሕርያቸው ስም የሚጽፉት ንግግርና ድርጊት ነው። ሮይ ትሩብሾውና ሪቻርድ ባርትል በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1978 «ሙድ» (MUD) የተባለውን የጽሑፍ ጨዋታ ከጀመሩ ወዲህ እንዲህ ያሉ ዓለማት በብዛት ተከፍተዋል፤ በአማርኛ የሚሠራ ግን ፈልጌ አላገኘሁም። የሚላከውና የሚመጣው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ዳታ አይበላም፣ ያረጀ ስልክም ይበቃዋል። ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍነው ቤቴ ተቀምጬ የምጽፍበት ሰዓት ከምንም በላይ የምወደው ነው።

አሁን ሦስታችን ከደሴ፣ ሁለቱ ከኮምቦልቻ ሆነን የራሳችንን ለመክፈት በአንድ አሮጌ ፕሮግራም ሙከራ ጀምረን ነበር። የአማርኛው ፊደል ግማሹ እየጠፋ መጣ፤ የቀረውንም ፕሮግራሙ ትእዛዙን ከፊት ስለሚጠብቅ «ሰይፉን አንሣ» ሲባል «ሰይፉን» የሚባል ትእዛዝ የለም ብሎ መለሰ። ይበልጥ ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። አንዱ ጓደኛችን «ሰይፉን መዝዞ ዘበኛውን ገደለው» ብሎ ጻፈ። ዘበኛውን ሲጫወት የነበረው ልጅ አንዲት ቃል እንኳ ሳይጽፍ ገጸ ባሕርይው ሞተበት፤ ተቀይሞም ሦስት ቀን ስልክ አላነሣልንም። ከዚህ በፊት የሞከራችሁ ካላችሁ ደንቡን እንዴት እንዳበጃችሁት ብትነግሩኝ በጣም አመሰግናለሁ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦

ወንድሜ፣ የፊደሉ ችግር የፕሮግራሙ ዕድሜ ነው። አሮጌዎቹ የእንግሊዝኛን ፊደል ብቻ እያሳለፉ ሌላውን ይጥላሉ፤ የማይጥሉትም ቢሆኑ የአንድን መስመር ርዝመት በፊደል ሳይሆን በባይት፣ ማለትም በኮምፒውተሩ የመረጃ መለኪያ፣ ይቆጥራሉ። አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አጻጻፍ ሥርዓት ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ ረዘም ያለ ዐረፍተ ነገር ስትጽፉ መጨረሻው፣ ማለትም ግሡ፣ ተቆርጦ ይቀራል። ስለዚህ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተሠራውንና በነፃ የሚገኘውን፣ ኤቬኒያ የተባለውን የጽሑፍ ዓለም መሥሪያ ውሰዱ። ዩኒኮድን (የዓለም ቋንቋዎች ፊደሎች በቁጥር የተመዘገቡበትን ሠንጠረዥ) ይቀበላል፣ በብራውዘርም ይከፈታል፣ ትእዛዝ የሚያነብበትን ክፍል ደግሞ በራሳችሁ ኮድ መተካት ይቻላል።

ያንን ክፍል ስትተኩ የመጨረሻውን ቃል ትእዛዝ፣ ከእሱ በፊት ያለውን ዕቃ አድርጉት። «ሰይፉን» ከሚለው «ን»ን ማንሣት ብቻ አይበቃም፤ «ፉ» ወደ «ፍ» መመለስ አለበት። ለዚህ መዝገብ ማዘጋጀት አያስፈልግም፤ በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ፊደሎቹ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በተርታ ስለተቀመጡ፣ በካዕቡ ቁጥር ላይ 4 ሲደመር ሳድሱ ይገኛል። «በቅሎውን» የመሰለው ደግሞ «ውን» ሲነሣለት ይስተካከላል። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ፕሮግራሙ እንደ አንድ እንዲያነብ አስቀድማችሁ አድርጉ፤ ያለዚያ «ሠይፍ» ብሎ የጻፈ ሰው ሰይፉ ፊቱ ተቀምጦለት «የለም» ይባላል።

መብራት ሲጠፋ የተጫዋቹ ገጸ ባሕርይ ባለበት ተገትሮ እንዳይጠቃ፣ ግንኙነቱ እንደተቋረጠ «እንቅልፍ ወሰደው» እንዲልና ማንም እንዳይነካው አድርጉ። በእኛ አካባቢ ይህ ከውጊያው ደንብ ይቀድማል።

ማሰሪያ አንቀጽ (ደሴ)፦

ልጄ፣ ለብዙ ዓመታት አማርኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ተማሪዎቼ ወደዚህ ጨዋታ አስገብተውኝ እኔም ወድጄው ቀርቻለሁ። ያጣላችሁ ነገር ከሰይፉ ይልቅ ማሰሪያ አንቀጹ ይመስለኛል። በቋንቋችን ዐረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግሥ ማን እንዳደረገ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ የሚከበር ይሁን እኩያ፣ ነገሩም ተፈጽሞ እንደሆነ ሁሉን በአንድ ቃል ይናገራል። «ገደለው» ያለው ልጅ የራሱን ክንድ ብቻ ሳይሆን የጓደኛውንም ዕጣ ጻፈ። «ሰይፉን መዝዞ በዘበኛው አንገት ላይ ሰነዘረ» ብሎ ቢያቆም ኖሮ፣ ዘበኛው «ጎንበስ ብሎ አሳለፈው» ወይም «ትከሻውን ተመታ» ብሎ የመመለስ መብት ይኖረው ነበር። እኛ ያጸናነው ደንብ ይኸው ነው፦ ማሰሪያ አንቀጽህ በራስህ ገጸ ባሕርይ አካል ላይ ይቁም፤ በሌላው ላይ የደረሰውን ሌላው ይጻፍ።

ሁለተኛው የአክብሮቱ ነገር ነው። ተጫዋቾቼ በመጀመሪያ ሁሉንም «አንተ» ይሉ ነበር፤ ከእንግሊዝኛው የመጣ ልማድ ነው። በኋላ ግን አንድ ምሽት ዳኛ ፊት የቆመ ገበሬ፣ መሬቱ እንደተነጠቀ ሲሰማ፣ እስከዚያ ድረስ «እርስዎ» ሲል የቆየውን ሰው «አንተ ፈረድክብኝ?» አለው። ለትንሽ ጊዜ ማንም አልጻፈም። ዳኛውን የምትጫወተው ልጅ ቆይታ «ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ» ብላ ብቻ ጻፈች። ምንም ዓይነት ውጊያ እንደዚያ ያለ ዝምታ አምጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ሰርቨሩ ሰው ሲገባ «ገባ»፣ «ገባች» ወይም «ገቡ» ማለት እንዲችል ተጫዋቹ ገና ሲመዘገብ ይጠየቅ፤ በገጸ ባሕርያት መካከል የሚባባሉትን ግን ለተጫዋቾቹ ተዉት፤ ጨዋታው ያለው እዚያ ነውና።

አንድ ነገር ልጨምር። ዘንዶና ጭራቅ እንደ ልባችሁ አስገቡ፤ በተረት ያደግንባቸው ናቸው። ዛርና ቆሌን ግን በጠላትነት አታሰልፏቸው። በወሎ ከልባቸው የሚቀበሏቸው ሰዎች አሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ከእናንተ ጋር ሊጫወት ይችላል።

በረካ፦

እኔ ዐይነ ሥውር ነኝ፤ ጨዋታውን የምከታተለው ጽሑፉን በድምፅ በሚያነብልኝ ፕሮግራም ነው። ሥዕል ካለበት ጨዋታ ሁሉ ውጭ ሆኜ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ይህ እንዲከፈት በጣም እፈልጋለሁ። ሁለት ነገር ብቻ እለምናለሁ። ካርታን በሰረዝና በነጥብ አትሣሉ፤ ፕሮግራሙ «ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ሰረዝ» እያለ ያደክመኛል። ስፍራውን ስትገልጹም «ትገባለህ» አትበሉኝ፤ ሴት ነኝ። «በሩ ጠባብ ነው፤ በግራ በኩል ውሃ ይንጠባጠባል» ብትሉ ለሁሉም ይሆናል፣ ዐይኔ ማየት የማይችለውንም ጆሮዬ ያገኘዋል።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምክርዎን ለተቀየመው ጓደኛችን አነበብኩለት፤ ውጊያውን ከዘበኛው ሞት በፊት ካለው መስመር እንደገና ልንጽፈው ተስማምተናል። ቦርከና፣ የአራቱን መደመር ትናንት ማታ በሃያ ቃላት ሞክሬው «መንገዱን»ም «በሩን»ም በትክክል መልሷል። እህቴ በረካ፣ ካርታ አይኖርም። የመጀመሪያውን ስፍራ የጻፍኩት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው በሐረጎ ጠመዝማዛ አምሳያ ነው፤ እስቲ ስሚልኝ፦

«መንገዱ በጉም ተሸፍኗል። ከታች የወንዝ ድምፅ ይሰማል። የቆመች በቅሎ ኮርቻዋ እርጥብ ነው፤ ጌታዋ በአቅራቢያ የለም። ቁልቁለቱ ወደ ደቡብ ይቀጥላል።»

በረካ፦

በቅሎዋን ወደድኳት። ገደሉ በየትኛው በኩል እንደሆነ ግን አልነገርከኝም፤ ወንዙ ከታች ካለ ጠርዙን ማወቅ አለብኝ። «በስተቀኝ የወንዝ ድምፅ ከሩቅ ጥልቀት ይሰማል» ብትለው በግራ በኩል እየታከክሁ እወርዳለሁ።