በዓሣ ቢላዋ ጣቴን ተቆረጥኩ፤ ኤችአይቪ ይይዘኛል?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ዓሣ የምበልት ሴት ነኝ። ትናንት ጠዋት ቆሮሶ ስፍቅ ቢላዋው አዳልጦኝ ሌባ ጣቴን ቆረጠኝ። ቁስሉ ትንሽ ነው፤ አጠብኩት፣ ደሙም ቆመ። እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። በዚያው ቢላዋ ከእኔ በፊት አንድ የሥራ ባልደረባችን ይበልት ነበር፤ እሱም አውራ ጣቱን ተቆርጦ እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት እንደሚወስድ ሁላችንም እናውቃለን። በመካከሉ ከአንድ ሰዓት በላይ አልፏል፤ ቢላዋውም በባልዲ ውኃ ታጥቧል። ትንሿን ልጄን ገና አጠባለሁ። አንዳንዶች ደግሞ «ከእንግዲህ ከእኛ ጋር አይሥራ» እያሉ ነው። ምን ላድርግ?

ነርስ ነኝ፦
እህቴ፣ በመጀመሪያ ልጅሽን ማጥባትሽን ቀጥይ። በነገርሽን ሁኔታ ኤችአይቪ የመያዝ ዕድልሽ ከምንም የማይቆጠር ነው። ቫይረሱ የሚራባው በሰው ሕያው ሴል ውስጥ ብቻ ነው፤ ደሙ ሲደርቅ ወይም በውኃ ታጥቦ ሲሄድ የመተላለፍ አቅሙን ያጣል። ከታማሚ ደም የቀዳ መርፌ የጤና ባለሙያን ወዲያው ሲወጋ እንኳን ቫይረሱ የሚተላለፈው ከ1,000 አጋጣሚዎች በ3ቱ ገደማ ነው። ቢላዋ እንደዚያ መርፌ ደም በውስጡ ቋጥሮ አይዝም።

ትኩስ ደም ያለበት ስለት ወዲያው በጥልቀት ቢቆርጥሽ ኖሮ ምክሬ ይለወጥ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል በዚያው ቀን፣ ጤና ተቋም መድረስ አለበት፤ ለ28 ቀናት የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ። አንቺም ጊዜው አላለፈብሽም። ልብሽ አልረጋ ካለ ዛሬውኑ ሄደሽ ጠይቂ።

የቆየ ዓሣ አስጋሪ፦
ልጄ፣ አይዞሽ። እዚህ ሥራ ላይ ያልተቆረጠ እጅ የለም፤ የአምባዛ እሾህ ብቻውን ስንቱን አድምቷል። ዓሣው ራሱ ኤችአይቪ አይሰጥሽም። ቢላዋ ግን እያንዳንዱ ሰው የራሱን ይያዝ። ቁስሉ ላይ ትንሽ በረኪና ብታደርጊበትም መልካም ነው።

ነርስ ነኝ፦
አባቴ፣ ስለ ቢላዋው ልክ ብለዋል። በረኪናው ግን ለቢላዋውና ለመክተፊያው ይሁን እንጂ ቁስል ላይ አይደረግ፤ ሥጋውን ያቃጥለዋል። ቁስል የሚታጠበው በንጹሕ ውኃና በሳሙና ነው፤ ደም ለማውጣት መጭመቅም አያስፈልግም።

እህቴ፣ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ አንቺ ያልጠየቅሽው ነው። ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀናት ሊቆይ ይችላል፤ በደም የመተላለፍ አቅሙም ከኤችአይቪ እጅግ ይበልጣል። ክትባት አለው፤ በጋራ ስለት የምትሠሩ ሁላችሁ ስለ ክትባቱ ጠይቁ። መንጋጋ ቆልፍም አለ። በእርግዝናሽ ጊዜ የተከተብሽበት ካርድ ካለ ይዘሽ ሂጂ፤ መደገም እንዳለበት ያዩልሻል። ጣትሽ ካበጠ፣ ቅላቱ ወደ ላይ ከተዛመተ ወይም ካተኮሰሽ አትቆዪ።

መድኃኒት የምወስድ፦
ቫይረሱ በደሜ ውስጥ አለ። መድኃኒቱ በአገራችን በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የቀበርናቸውን አልረሳም። ዛሬ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድና በምርመራ ቫይረሱ በደሙ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንኳን አያስተላልፍም። እባካችሁ ያን ሰው ከእንጀራው አታፈናቅሉት! ቁስሉን በፕላስተር ይሸፍን፣ የራሱን ቢላዋ ይያዝ፤ ይህ ለሁላችሁም የሚሠራ ደንብ ነው። መድኃኒት መውሰዱን ለሌላ ሰው መናገርም የእሱ ፈንታ ነው።

ሌላ አባል፦
በጸጉር ቤት ምላጭስ?

ነርስ ነኝ፦
ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ ምላጭ ከፊትህ እንዲፈታ ጠይቅ። እዚያም ቢሆን ከኤችአይቪ ይልቅ ሄፓታይተስ ያሰጋል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ባልደረባችን የተባለውን ለጓደኞቼ አነባላቸዋለሁ፤ እኔም ከጎኑ እሠራለሁ። ዛሬ ብመረመር ውጤቱ እርግጠኛ ያደርገኛል?

ነርስ ነኝ፦
የዛሬው ምርመራ የሚነግርሽ ከትናንት በፊት የነበረሽን ሁኔታ ነው። ስለ ትናንቱ መቆረጥ እርግጠኛ መሆን ከፈለግሽ ከ3 ወር በኋላ ድገሚው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ምርመራው በነጻ ነው፤ ውጤቱም በምስጢር ይያዛል።