ሲፓፕ ማሽን ለአመታት የተጠቀመ አለ? ለአባቴ ነው

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)፦
ሰላም ጀመዓ እንዴት ናችሁ፣ ረዘም ስላለ አውፍ በሉኝ። አባቴ 58 አመቱ ነው ከጅቡቲ ኮምቦልቻ ተሳቢ ነው የሚነዳው። ማንኮራፋቱን ድሮም ለምደነዋል፣ እናቴን ያስደነገጣት ግን ሌሊት ትንፋሹ ቁርጥ ሲልበት ነው፣ እሷ ተነስታ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች ከዛ እንደታነቀ ሰው ብንን ይልና ተመልሶ ይተኛል፣ ጠዋት ሲጠየቅ ምንም አያስታውስም። አዲስ አበባ ወስደን የእንቅልፍ ምርመራ ሲደረግለት በሰአት 41 ጊዜ ይቋረጣል አሉን፣ ከ30 ካለፈ ከባድ የሚባለው ነው። ቀን ሲነዳ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ እሱ ግን እንቅልፌን በጫት ይዤ እነዳለሁ ይላል። ደም ግፊትም አለበት፣ 3 አይነት መድሃኒት እየዋጠ አልወርድ ብሎታል። ሲፓፕ ታዘዘለት፣ ሲተኛ በቱቦና በማስክ አየር እየገፋ ጉሮሮው እንዳይዘጋ የሚያደርግ ማሽን ነው፣ ዋጋው ከባድ ስለሆነ ቤተሰብ ሊያዋጣ ተስማምቶ ነበር፣ አጎቴ ግን ኢንተርኔት ላይ አይቻለሁ ለልብ ምንም እንደማይጠቅም ተጠንቷል ብራችሁን አትበትኑ አለ። አባባም ይቺን ሰምቶ እድሜ ልኬን ቱቦ ሰክቼ አልተኛም ብሏል። እውነት ከአመታት በኋላ ለውጥ አለው?

ሆጤ ሰፈር (ደሴ)፦
እህቴ አብሽሪ። እኔ አስተማሪ ነኝ 6 አመት ሆነኝ ከጀመርኩ። በፊት ፈተና እያረምኩ እስኪርቢቶ በእጄ እንደያዝኩ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄድ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ የመጀመሪያዎቹ 2 ወር በጣም ከባድ ነው፣ አፍንጫዬ ይደርቃል ሌሊት ሳላውቀው ማስኩን አውልቄ ጥዬው ነው የምነሳው፣ ልመልሰው ሁሉ ብዬ ነበር። ሙሉ ፊት የሚሸፍነውን በአፍንጫ ብቻ በሚደረገው ስቀይር ነው የተላመድኩት። ዛሬ ጠዋት የሚያመኝ ራስ ምታት የለም፣ ሌሊት 4 ጊዜ ሽንት ቤት መመላለስ ቀርቷል፣ ቀን አልተኛም። ክብደቴ ግን አልቀነሰም እንዲያውም ትንሽ ጨምሬያለሁ፣ ማሽኑ ውፍረት አይቀንስም እሱን ለብቻው መስራት ነው።

ነርሷ (ኮምቦልቻ)፦
አጎትሽ ዋሽተው አይደለም፣ ያዩት ሴቭ የሚባለውን በፈረንጆች 2016 የወጣውን ጥናት መሰለኝ። ከ2,700 በላይ ሰው ወደ 4 አመት ገደማ ተከታትለው ሲፓፕ የተሰጣቸውና ያልተሰጣቸው በልብ ድካምና በስትሮክ ብዙ አልተለያዩም። ግን እዛው ጥናት ውስጥ ያለውን ሌላውን ማንበብ ነው፦ ሰዎቹ ማሽኑን ያደረጉት በአማካይ በአንድ ሌሊት 3.3 ሰአት ብቻ ነው፣ የሌሊቱ ግማሽ እንኳን አይሞላም፣ በዛ ላይ ሁሉም ከመጀመሪያው የልብ ወይ የጭንቅላት ደም ስር በሽታ የያዛቸው ናቸው፣ ቀን እንቅልፍ በጣም የሚጥላቸውን ደግሞ ከጥናቱ አውጥተዋቸዋል፣ ማለትም ልክ እንደ አባትሽ ያለው ሰው ውስጡ የለም። እንደዛም ሆኖ የቀን እንቅልፋቸውና ስሜታቸው ተሻሽሏል። በፈረንጆች 2005 ከስፔን የወጣው ጥናት ደግሞ ወንዶችን ወደ 10 አመት ተከታትሎ ከባዱ አይነት ኖሮባቸው ያልታከሙት በልብ በሽታ በብዛት ሲጎዱና ሲሞቱ ሲፓፕ ያደረጉት ተሽለው ተገኝተዋል፣ ግን እሱ ላይ ማን ሲፓፕ ያድርግ የሚለው በእጣ ስላልተወሰነ ማሽኑን አዘውትሮ የሚያደርግ ሰው ሌላውንም ጤናውን የሚጠብቅ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ልቡ ዋስትና አገኘ ብዬ አልነግርሽም። ደም ግፊት ላይ በአማካይ ከ2 እስከ 3 ነጥብ ነው የሚወርደው፣ መድሃኒቱን አያስቆምም፣ እንደ አባትሽ በ3 መድሃኒት አልወርድ ያለው ሰው ግን ጥቅም ከሚያገኙት ውስጥ ነው።

እኔን ከልቡ በላይ የሚያስፈራኝ መሪው ነው። ተሳቢ ይዞ ማንቀላፋት ማለት ምን እንደሆነ እኛ ኮምቦልቻ ያለን ሰዎች እናውቃለን። ሲፓፕ በደንብ ሲደረግ የመኪና አደጋ እንደሚቀንስ በተደጋጋሚ የታየ ነገር ነው፣ ይሄኛው አመታት አይጠብቅም በሳምንታት ነው። እንቅልፉን በጫት ይዤ እነዳለሁ የሚለውን ደግሞ እባክሽ አስተዪው፣ ጫት ያነቃል እንጂ ሌሊት የተቋረጠውን ትንፋሽ አይመልስም። እስኪሻለው ድረስ መንዳቱንም ሀኪሙን ይጠይቅ።

ሰኞ ገበያ (ደሴ)፦
ሁለት ነገር ልጨምር። ማሽን ስትገዙ ማንዋሉ ላይ እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚሰራ እዩ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ስለሆነች ችግር የለም፣ ደሴ ግን ወደ 2,500 ናት አንዳንዱ ማሽን እዚህ ከልኩ ያልፋል። ሁለተኛ አባትሽ በሳምንት ስንት ሌሊት ቤት ነው የሚያድረው? ጋቢና የሚያድርበት ሌሊት ካልተቆጠረ እሱም 3 ሰአት ላይ ነው የሚቀረው። የመኪናው ባትሪ 24 ቮልት ነው፣ ማሽኑ የሚፈልገውን ቮልት አይታችሁ የሚስማማውን ገመድ ግዙ፣ ማሽኑ ላይ ያለውን አየሩን የሚያረጥበውን ውሃ ማሞቂያ ካጠፋው ባትሪ ብዙ አይበላም። ቤትም መብራት ሲጠፋ ያስፈልጋችኋል።

የቦርከና ልጅ፦
አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ቤት የሚያድረው 2 ሌሊት ብቻ ነው፣ ይሄን ጨርሶ አላሰብነውም ነበር። ማታ ስልክ ደውዬ ሚሌ ቆሞ አገኘሁትና የጻፋችሁትን በሙሉ አነበብኩለት፣ ዝም ብሎ ሰማኝና ባለፈው ወር ገደል አፋፍ ላይ ነቅቼ አውቃለሁ ለእናትሽ እንዳትነግሪያት አለኝ። ከዛ ገመዱ ስንት ነው ብሎ ጠየቀኝ።