የፖስታ ሣጥን ቁጥር በአድራሻ መያዣ ፕሮግራም ውስጥ የት ይሞላል?

ጦሳ፦
ጤና ይስጥልን። የምጽፈው ደሴ ከሚገኝ አነስተኛ ማተሚያ ቤት ነው። የደንበኞቻችንን አድራሻ ለዓመታት ከያዝንበት ባሕር መዝገብ ወደ ጉግል ኮንታክትስ በማዛወር ላይ ሳለን፣ ቅጹ የመንገድ ስምና የፖስታ ኮድ ይጠይቀናል፤ እኛ ያለን ግን ቀበሌና የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። እኔ የሣጥኑን ቁጥር በኮዱ ቦታ ስሞላ፣ ባልደረባዬ ደግሞ በመንገዱ መስመር ላይ ከሰፈሩ ምልክት ጋር አብራ ስታስገባ ቆይታ ኖሮ፣ ትናንት ፖስታ ላይ የሚለጠፉትን አድራሻዎች ስናትም አንዱ «ሸዋ በር፣ ከመስጊዱ ወረድ ብሎ፣ ሰማያዊው በር» የሚል ሆኖ ወጣ። ትክክለኛው ቦታ የትኛው ነው?

ቦርከና፦
የፖስታ ኮድ የሚያመለክተው ፖስታ ቤቱን ወይም አካባቢውን ሲሆን፣ የሣጥን ቁጥር ግን ደንበኛው በዚያ ፖስታ ቤት የተከራየውን ሣጥን ነው። በአገራችን ተራ ደብዳቤ የሚደርሰው እስከ ሣጥኑ እንጂ እስከ ቤት ስላልሆነ፣ የሚያስፈልገው የተቀባዩ ስም፣ የሣጥኑ ቁጥርና ከተማው ነው። ከተማውን አደራ፤ 112 ቁጥር ሣጥን ደሴም ወልድያም ሊኖር ይችላል። ጉግል ኮንታክትስ ለፖስታ ሣጥን የተለየ ቦታ ስላለው እዚያ ይሙሉት፤ የኮዱን ቦታ ባዶ ይተዉት።

የመርሳ ሰው፦
በአብዛኛው እስማማለሁ፤ በተለየው ቦታ ላይ ግን አልተማመንም። አድራሻዎች ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም የሚተላለፉበት ቪካርድ የሚባለው የፋይል ዓይነት አድራሻን በሰባት ክፍል ያስቀምጣል፤ የመጀመሪያውም የፖስታ ሣጥን ነው። ይሁንና በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው አራተኛው ስሪት ራሱ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች ፕሮግራሞች አንድ ዓይነት አድርገው ስለማያነቧቸው ባዶ ቢተዉ እንደሚሻል ያሳስባል። እኔም ስልክ በቀየርኩ ጊዜ ስሙና ከተማው ተርፎ የሣጥን ቁጥሩ የጠፋ አድራሻ ብዙ አግኝቻለሁ። ስለዚህ በመንገዱ መስመር «ፖ.ሣ.ቁ. 112» ብለው ከነምህጻረ ቃሉ ይጻፉት፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ቀበሌውን ያድርጉ። ሰማያዊው በር የሚጠቅመው ለባጃጅ ሹፌር ስለሆነ ማስታወሻው ውስጥ ይግባ። የክልል ቦታ ላይ ዞኑንም ይጨምሩ፤ ኮምቦልቻ ምሥራቅ ሐረርጌም አለና።

ጦሳ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዐሥር አድራሻዎችን እንደዚሁ ሞልቼ ሳትም ተስተካክለው ወጡ። የቀረኝ አንድ ነገር፣ ዝርዝሩን በኤክሴል ስከፍተው ቀበሌ 03 የነበረው 3 ብቻ ሆኖ መገኘቱ ነው።

ቦርከና፦
ሕዋሱ ውስጥ ያለው ቁጥር ብቻ ስለሆነ ነው፤ «ቀበሌ 03» ተብሎ ከነቃሉ ከተጻፈ ኤክሴል እንደ ጽሑፍ ስለሚቆጥረው ዜሮውን አይጥለውም። ይልቅ የከተሞቹን አጻጻፍ ይመልከቱ። ወልድያና ወልዲያ፣ ሀይቅና ሐይቅ ለእኛ አንድ ቢሆኑም ለፕሮግራሙ የተለያዩ ከተሞች ናቸው፤ በከተማ ሲደረደሩ ይበታተናሉ።

ጦሳ፦
እውነትዎን ነው፤ አሁን ስፈልግ ሐይቅን በሦስት ዓይነት ጽፈነው አገኘሁት፣ አንዱ እንዲያውም በብዙኃኑ ኀ ነው። በሐመሩ ሐ እንዲሆን ከባልደረባዬ ጋር ተስማምተን ማረም ጀምረናል።