ጥቆማ፦ የጎረቤት ልጆች የቆመ መኪናችሁን ሲጎዱት ምን ይሻላል?

መኪናዬን አጥቤ ጨርሼ ጨርቁን ስጨምቅ ነው ያየሁት። የኋላው በር ላይ፣ ፀሐይዋ በጎን ስትመታው፣ «ለ» ፊደል ቁጭ ብላለች። ከአጠገቧ «ሉ» አለች። ከጎረቤት ልጆች አንዱ አቧራው ላይ በጣቱ ፊደል ሲለማመድ ውሏል። አቧራው በውሃ ሄደ፤ ፊደሎቹ ግን ቀሩ።

ልጁ መኪና ልጉዳ ብሎ አልተነሣም። ጣቱም ለስላሳ ነው። ቀለሙን የፈተገው በጣቱና በቀለሙ መካከል የነበረው አቧራ ነው፤ ልክ እንደ ብርጭቆ ወረቀት። ይህ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው። ያን ቀን ደሜ ፈልቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ኳስም፣ የብስክሌት መሪም፣ ማርከርም አርፎበታል። የተለያየ ጋራዥ ዞሬአለሁ። ሁለት ዓይነት የመኪና ልብስ ገዝቻለሁ። ካሜራም አስገጥሜአለሁ። ሰሞኑን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ያው ችግር ገጥሟት «ምን ልግዛ? ለማን ልስጠው? ወላጆቻቸውንስ ምን ብዬ ላናግር?» አለችኝ። የመለስኩላትን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

መጀመሪያ ጉዳቱን እወቁት

ጋራዥ ከመሄዳችሁም፣ የጎረቤት በር ከማንኳኳታችሁም በፊት ጭረቱን በደንብ እዩት። እኔ የከፈልኩት አላስፈላጊ ገንዘብም፣ ያበላሸሁት ጉርብትናም የመጣው ይህን ባለማድረጌ ነው።

የመኪና ቀለም አንድ ንብርብር ብቻ አይደለም። ከላሜራው ቀጥሎ ፕራይመር፣ ማለትም ቀለሙ እንዲይዝ ቀድሞ የሚቀባው፣ አለ። ከሱ በላይ ቀለሙ ይመጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀቢዎች ክሊር የሚሉት ግልጽ ሽፋን አለ። ከፋብሪካ ሲወጣ ሁሉም ተደምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ክሊሩ ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ከአንዲት ዘለላ ፀጉር ይሳሳል። ጭረቱ ከዚህ ስስ ሽፋን አልፏል ወይስ አላለፈም? ጥያቄው ይኸው ነው።

ቦታውን እጠቡና አድርቁት። ከዚያ ጥፍራችሁን በጭረቱ ላይ አግድም በቀስታ አሳልፉት። ጥፍሩ ሳይያዝ ካለፈ ጭረቱ ክሊሩ ላይ ነው፤ ፖሊሽ ያወጣዋል። ከያዘ ጠልቋል ማለት ነው። ውሃ ጠብ ሲደረግበት ለጊዜው የሚጠፋ ጭረትም ብዙውን ጊዜ የላይ የላይ ነው። ውስጡ ግራጫ ወይም ነጭ ሆኖ ከታየ ፕራይመሩ ጋ ደርሷል። ብረቱ ካብለጨለጨ ግን ቀን አትስጡት፤ ይዝጋል።

የሰረጎደ ቦታ ካለ ደግሞ የስልካችሁን መብራት በጎን አብሩበትና ቀለሙ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን እዩ። ወዴት እንደምትሄዱ የሚወስነው እሱ ነው።

ለማን ይሰጥ?

የመጀመሪያው ጋራዥ ፊደሎቹን ከሩቅ አየና «በሩ እንዳለ መቀባት አለበት» አለኝ። ወንድሜ ባይከለክለኝ ኖሮ አስቀባው ነበር። ሌላ ባለሙያ ጋ ወሰድኩት። ጎንበስ ብሎ በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገው። ምንም ሳይለኝ ማሽኑን ሰካ። ስፖንጁ ላይ አተር አተር የሚያህል ነጭ ፖሊሽ ጣል ጣል አድርጎ ቀስ እያለ አዞረው፣ ጠረገው፣ በመብራት አየው። ሦስት ጊዜ ደጋገመ። «ለ» ጠፋች። ከ«ሉ» ጎን የምትወጣዋ ሰረዝ ግን አልጠፋችም። ልጁ እሷን ሲጽፍ ጠጠር ቢጤ ጣቱ ሥር ገብታ ይሆናል። «ከዚህ በላይ ብሄድ ክሊሩን አሳሳብሃለሁ» ብሎ ማሽኑን ነቀለ። እስከ ዛሬ መኪናዬን የምሰጠው ለሱ ነው።

ስለዚህ ባለሙያ ስትመርጡ ሳይነካ ዋጋ የሚጠራውን እለፉት። የት ላይ ማቆም እንዳለበት የሚያውቀውን ያዙ። ፖሊሽ ማለት ክሊሩን በጥቂቱ መፋቅ ነው፤ በየወሩ የሚደረግ ነገር አይደለም። «ጭረት ያጠፋል» ተብለው ከሚሸጡት ቅባቶች አንዳንዶቹ ደግሞ ጭረቱን ይሞሉታል እንጂ አያወጡትም። ጥቂት ጊዜ ስታጥቡት ተመልሶ ይመጣል።

ጥፍር ለሚይዝ ቀጭን ጭረት በመኪናው የቀለም ኮድ ተቀምሞ በትንሽ ብሩሽ የሚነካካ ቀለም ጥሩ ነው። ኮዱ አብዛኛውን ጊዜ በሩ ሲከፈት ፍሬሙ ላይ ወይም ኮፈኑ ሥር ባለች ምልክት ላይ ይገኛል። ቀረብ ብሎ ላየው ያስታውቃል፤ አልደብቃችሁም። ግን ከዝገት ያድናል፣ ርካሽ ነው፣ ራሳችሁም ትሠሩታላችሁ። በሬ ላይ የቀረችውን ሰረዝ በዚህ ነው የሸፈንኳት።

ኳስ ላሰረጎደው ቦታ ከሁሉም በፊት የምጠቁመው ያለ ቀለም የሚያወጡትን ባለሙያዎች ነው። ረዥም ብረት ከላሜራው ጀርባ አስገብተው በጥቂት በጥቂቱ ይገፉታል፤ ወይም ከፊት በሙጫ ይስቡታል። የሰረጎደውን የሚሞላ ስቱኮ የለ፣ ቀለም የለ። የኳስ ምት ሰፋ ያለና ጠርዝ የሌለው ስለሆነ ለዚህ ሥራ ይመቻል። የማይሆነው ቀለሙ ከተሰነጠቀ፣ ላሜራው እንደ ወረቀት ከታጠፈ፣ ወይም በሩ ጠርዝ ላይ ሆኖ ብረቱን ማስገቢያ ከጠፋ ነው። ድሮ ስቱኮ የገባበት ቦታም እምቢ ይላል፤ ስለዚህ ከመጀመራቸው በፊት ንገሯቸው።

ባትላሜራ፣ ስቱኮና አዲስ ቀለም የመጨረሻው አማራጭ ነው። ሥራውን ንቄ አይደለም። የፋብሪካ ቀለም ከ100 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ይጋገራል፤ ሙሉ መኪና ጋራዥ ውስጥ እንደዚያ ማሞቅ አይቻልም። ቀለሙን ከጎኑ ካለው በር ጋር ማመሳሰልም ትልቅ ጥበብ ይጠይቃል። የግድ ካስቀባችሁ ሰም ለመቀባት ወይም ቀለሙን የሚከላከል ግልጽ ፊልም ለማስለጠፍ ምን ያህል መቆየት እንዳለበት ጠይቁ። ብዙውን ጊዜ አንድ ወር ያህል ነው።

ጋራዥ የማያስፈልጋቸውም አሉ። ማርከር አልኮል በተነከረ ለስላሳ ጨርቅ ይለቃል፤ መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ሞክሩት፣ አታሹት፣ ሲለቅ ወዲያው እጠቡት። ተለጣፊ ምስል በፀጉር ማድረቂያ ለብ አድርጋችሁ ከጥግ ጀምራችሁ ላጡት። አሸዋ ከደፉበት በጨርቅ እንዳትነኩት። መጀመሪያ ብዙ ውሃ።

ምን ይገዛ?

መጀመሪያ የገዛሁት የመኪና ልብስ ላስቲክ ነበር። አየር አያስወጣም፤ ሥሩ እርጥበት ይዞ ያድራል። ነፋስ ሲመጣ እየተራገበ የራሱን ጭረት ጨመረብኝ። ሁለተኛው አየር የሚያስወጣና ውስጡ ለስላሳ ነው፤ ታችም በገመድ ይታሰራል። ከጣትና ከማርከር በደንብ ያድናል። ኳስን ግን አያስቆምም። ደግሞም ንጹሕ መኪና ላይ ብቻ ነው የሚለበሰው። አቧራማ መኪና ላይ ከጎተታችሁት እኔ በር ላይ የሆነው በመላ መኪናው ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። ልጆች ድብብቆሽ ሲጫወቱ ልብሱ ሥርም፣ መኪናው ሥርም ይገባሉ። ልብሱን ገልጣችሁ፣ መኪናውን ዞራችሁ ሳታዩ ሞተር አታስነሡ። በሮቹንም ሁልጊዜ ቆልፉ። ትንሽ ልጅ ገብቶ ቢዘጋበት ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል። የትኛውም ጭረት ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

የቀለም መከላከያ ፊልም ጥሩ ነው፣ ግን ውድ ነው። አብዛኛው ከ150 እስከ 200 ማይክሮን ይደርሳል፤ ማለትም ከራሱ ከቀለሙ ይወፍራል። ቀላል ጭረት ሙቀት ሲያገኝ ራሱ ይጠፋለታል። ሙሉ መኪና ማልበስ አያስፈልግም። የበር እጀታ ሥር፣ የበር ጠርዝና የኋላው ፓራውልት አናት ይበቃል፤ ልጆች የሚነካኩትም የሚቀመጡትም እዚያ ነው። መሰርጎድን ግን አይከላከልም።

ሴራሚክ የሚባለው ቀለሙ ላይ የሚቀባ ፈሳሽ ከፊልሙ ጋር እየተምታታ ይሸጣል። እሱ ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው። እጥበት ያቀላል፣ ያብረቀርቃል። የብስክሌት መሪን ግን አይችልም። «ልጆች ቢጭሩትም አይነካውም» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ አትግዙት።

ካሜራ ስትገዙ መኪናው ቆሞ ሳለ የሚሠራውን ጠይቁ። ሞተር ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ለዚህ ጉዳይ አይጠቅምም። ከፊውዝ ሳጥኑ ጋር ሲያያዝ ባትሪው ሲደክም ራሱን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ይኑረው፤ አለዚያ ጠዋት መኪና ማስነሣት ያቅታችኋል። መንቀጥቀጥ ሲሰማው ብቻ የሚቀርጽ ከሆነ ኳስ ይይዛል፤ በጣት የሚጻፍ ፊደልን ግን አይሰማውም። ፊትና ኋላ የሚያየውም ጎኑን ብዙ አያይም። የእኔ የብስክሌቱን ጉዳይ ጨርሶ አላየውም። ምስሉ ከጥቂት ቀን በኋላ በአዲስ ስለሚተካ ቶሎ ወደ ስልካችሁ ገልብጡት። ደግሞ የልጆች ምስል ነው፤ ለወላጆቻቸው ብቻ አሳዩ። የሠፈር ግሩፕ ላይ መልቀቅ ነውር ነው።

ወላጆቹን ማናገር

በመጀመሪያው ቀን የሄድኩት ጨርቁን እንደያዝኩ፣ እየተንጨረጨርኩ ነው። ልጁ እናቱ አጠገብ ቆሞ ሳለ «ይኼ ልጅሽ መኪናዬን አበላሸው!» አልኳት። እሷም ወዲያው «የእኔ ልጅ አይደለም» አለች። በሩ ተዘጋ። እውነት ለመናገር በልጁ ፊት እንደዚያ ተጮኾባት ሌላ ምን ልትል ኖሯል?

ከፖሊሹ በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። ስልኬ ላይ ሁለት ፎቶ ይዣለሁ፣ ባለሙያው የጻፈልኝን ደረሰኝም። «የዚያን ቀን ድምፄን ከፍ አድርጌብሻለሁ፣ ይቅርታ» ብዬ ጀመርኩ። «ማን እንደጻፈው አላየሁም። ልጆቹን ግን አንቺ ብትጠይቂያቸው ይሻላል፤ እኔን ይፈሩኛል» አልኳት። ፎቶውን አጉልታ አየችው። ከዚያ ዝም አለች። «የእሱ እጅ ጽሑፍ ናት» አለች ቀስ ብላ።

ማታ እጁን ይዛ አመጣችው። ስምንት ዓመት አይሞላውም። «ጣቴ እንዴት መኪና ይጭራል?» አለኝ፤ ከልቡ ነበር የጠየቀው። አሮጌ ሲዲ አመጣሁና ጀርባው ላይ አቧራ ነሰነስንበት። «እስቲ ጻፍበት» አልኩት። ጻፈ። በውሃ አለቅልቀን መብራት ላይ ስናየው ጭረቱ ቁልጭ ብሎ ታየ። ሲዲውን ይዞት ሄደ፤ በማግሥቱ ለሌሎቹ ሲያሳያቸው አየሁት። ከዚያ ወዲህ አቧራዬ ላይ የጻፈ የለም። እናቱ የፖሊሹን ግማሽ ከፈለች። ሙሉውን ልክፈል ብላ ነበር፤ መኪናዬን ኳስ የሚጫወቱበት ቦታ ላይ የማቆመው እኔ ስለሆንኩ ግማሹ ይበቃል አልኳት።

ልጁን ብቻውን አታፋጡት፣ እጁን አትያዙት። ከወላጁ ጋር ስትነጋገሩም ከእውነተኛው ጉዳት በላይ አትጠይቁ። ለፖሊሽ ጭረት የሙሉ በር ቀለም ዋጋ ይዞ የሄደ ሰው ቀጥሎ እውነት ቢናገርም አይታመንም። እምቢ ካሏችሁ ቀኑንና ጉዳቱን በጽሑፍ ስጧቸውና ሁለታችሁም የምታከብሩት ሰው ባለበት ድገሙት። ልጅ ላደረሰው ጉዳት ወላጅ እስከ ምን ይጠየቃል የሚለው እንደየሀገሩ ሕግ ይለያያል፤ ገንዘቡ ከፍ ካለ የሕግ ሰው ጠይቁ።

ኢንሹራንስ ላይ አጭር ነገር ልበል። ሦስተኛ ወገን ብቻ ከሆነ ለራሳችሁ መኪና አይከፍልም። ሙሉ ሽፋን ቢኖራችሁም ከጥገናው ወጪ የመጀመሪያውን የተወሰነ መጠን ብዙውን ጊዜ እናንተ ትሸፍናላችሁ፤ የካሳ ጥያቄ ባለማቅረብ የሚገኘው ቅናሽም ሊቀርባችሁ ይችላል። ለትንሽ ጭረት ከማመልከታችሁ በፊት ሁለቱን አስሉ።

ለባልደረባዬ መጨረሻ ላይ የነገርኳት ይህን ነው። ቅዳሜ መኪናሽን እጠቢና በአራቱም ጎን ፎቶ አንሺው፤ በሮቹን፣ ፓራፋንጎዎቹን፣ ስፖኪዮዎቹን ሳይቀር። የድሮው ጭረት የድሮ መሆኑ ይታወቅ። ሌላ ጊዜ በር ስታንኳኪ ልጆቹ ያላደረጉትን አብረሽ እንዳትጭኚባቸው።