ልጆቻችን ጥያቄ ይስሩ ወይስ በምሳሌ ይማሩ?

የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ወላጆች፣ የቅዳሜው ቱቶሪያል ሊጀመር ስለሆነ ሰዓቱ በሙሉ በድሮ ማትሪክ ጥያቄ ይለቅ ወይ የሚለው ላይ ሀሳብ ስጡ።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦ እኔ ጥያቄ ይሰራላቸው ባይ ነኝ። በ2014 12ኛ ክፍል ከተፈተነው 50 በመቶና በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው እኮ፣ ምሳሌ የሚወራበት ጊዜ የለንም።

የፊዚክስ አስተማሪ፦ እህቴ ጭንቀትሽ ይገባኛል፣ ግን እኔ ያስተማርኳቸው ልጆች ወርክሺት ጨርሰው ነው ፈተና የገቡት፣ ቁጥሩ ሲቀየር ይሰሩታል አቀራረቡ ሲቀየር ግን ይጠፋባቸዋል። ባለፈው ቮልቴጅ ምንድነው ስላቸው ፎርሙላ ደረደሩልኝ፣ ከዛ ጣራ ላይ ያለውን ሮቶ አሳየኋቸው፣ ከፍታው ቮልቴጅ፣ የሚወርደው ውሃ ከረንት፣ ቀጭኑ ቱቦ ሬዚስታንስ። አንዷ ወዲያው "ቱቦው ከጠበበ ሮቶውን ከፍ ማድረግ ነዋ" አለች፣ ማንም አልነገራትም።

ኤሌክትሪሻን ጎረቤት፦ ቲቸር ይቅርታ ግን ምሳሌ ያሳስታል። አብሮኝ የሚሰራ ልጅ በዚሁ የውሃ ምሳሌ ተምሮ ገመድ ሲቆረጥ ኤሌክትሪኩ የሚፈስ ይመስለው ነበር። ቱቦ ሲበጠስ ውሃ ይፈሳል፣ መስመር ሲቋረጥ ግን ከረንቱ ቀጥ ነው የሚለው (ጫፉን ግን እንዳትነኩ፣ ቮልቴጁ እዛው አለ)።

አስተማሪው፦ ልክ ነህ ወንድሜ፣ የት ጋር እንደሚለያይም አብሮ ካልተነገረ ጉዳት አለው። ምሳሌ መስማት ብቻውንም አይበቃም። በ1980 እ.ኤ.አ ጊክና ሆልዮክ የሚባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን ጤነኛውን ሥጋ ሳንጎዳ ዕጢን በጨረር እንዴት እናጥፋ ብለው ጠየቁ፣ ቀድመው ግን ጦሩን በየመንገዱ ከፋፍሎ ምሽግ የያዘ ጄኔራል ታሪክ አስነብበዋቸዋል። መልሱ እዛው ነው፣ ደካማ ጨረር ከየአቅጣጫው ዕጢው ላይ ማገናኘት፣ ግን በራሳቸው ያዩት ከ10 ሰው 3 ያህሉ፣ "ታሪኩን ተጠቀሙበት" ሲባሉ ከ4 ሰው 3 ያህሉ። በኋላ ደግሞ ሁለት ታሪክ አነጻጽረው መመሳሰላቸውን የጻፉት በራሳቸው የማየት ዕድላቸው ጨመረ። ፈተና ክፍል ውስጥ ልጅሽን "ሮቶውን አስታውሺ" የሚላት የለምና ማነጻጸሩን አሁን ትልመደው።

እናት፦ እሺ ቲቸር፣ ሰዓቱስ ከየት ይመጣል?

አስተማሪው፦ በ20 ጥያቄ ፈንታ 8 ይስሩ፣ ከዛ ሁለቱን መርጠው በምን እንደሚመሳሰሉና በምን እንደሚለያዩ በራሳቸው ቃል ይጻፉ።

እናት፦ 12 ጥያቄ መተው ለኔ ከባድ ነው። ለማንኛውም ቅዳሜ ማታ ደብተሯን ራሴ አየዋለሁ።